የዕለቱ ቃል ሰሌዳ፦ የሰኔ 2017 የሥራ ማስታወሻ፣ ጅማ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሥራው ይህ ነው፦ መርካቶ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት አጥር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀላል፤ በየጠዋቱ አንድ ቃል ይጻፍበታል። ቃሉ፣ አነባበቡ፣ በምን መንገድ ወደ አማርኛ እንደገባ፣ ጅማ ላይ ማን ለምን እንደሚያውለው። አንባቢው ሻይ እስኪቀርብለት ወይም ባጃጅ እስኪያገኝ ቆሞ የሚያነበው ስለሆነ ከ35 ቃል በላይ አይጻፍም። ከዚያ ካለፈ ሰው መሃል ላይ ትቶት ይሄዳል። ከ15 ካነሰ ደግሞ ጥቅስ ይመስላል፤ ጥቅስ ታክሲው ሁሉ ላይ ሞልቷል።

ዛሬ እንጨቱ ተገዛ። አንድ ሉህ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳ.ሜ ነው። ቁመቱ ለሦስት ሲከፈል 122 በ81 የሆኑ ሦስት ሰሌዳዎች ይወጡታል፦ አንዱ የሚሰቀል፣ አንዱ ተለዋጭ፣ አንዱ የእጅ ጽሕፈት መለማመጃ። ውፍረቱ 12 ሚ.ሜ ይሁን። 6 ሚ.ሜው ይረክሳል፤ ነገር ግን በዓመት 1,500 ሚ.ሜ ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ ሰኔን ሳይጨርስ ይቆለመማል። በተቆለመመ ሰሌዳ ላይ ጠመኔው ጉብታውን ብቻ እየነካ ጎድጓዳውን ይዘለዋል።

የዕቃ ዝርዝሩ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ሳምንት ቃላት ብዙዎቹ እዚያው ተገኙ። ኮምፔንሳቶ ጣሊያንኛ ነው፣ «የተካካሰ» ማለት ነው፤ ስስ ሽፋኖቹ የአንዱ ጭረት በሌላው ላይ እየተሻገረ ስለሚጣበቅ አንዱ የሌላውን መቆልመም ይሽረዋል። ኮላም ጣሊያንኛ ነው። ካቻቪቴም እንዲሁ፦ ካቻ «የሚነዳ»፣ ቪቴ «የሚጠመዘዝ ሚስማር»። ሚስማር ራሱ ዐረብኛ። ሰሌዳ በግዕዝ በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው፤ ሴሊዳ «የመጽሐፍ ገጽ» ነበር። ሉህም ዐረብኛ ነው፤ የቁርአን ተማሪ የሚጽፍበት ጣውላ ሉህ ይባላል፣ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከጅማ መውጣት አያስፈልግም። አጥር ላይ የሚሰቀል አንድ ጣውላ አራት ቋንቋ ይዞ ተሰቀለ ማለት ነው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ቀለም። መጀመሪያ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይሻሻል፣ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ብዙ ሰው የሚረሳው ጠርዙን ነው። ውሃ ወደ ኮምፔንሳቶ የሚገባው በፊቱ አይደለም፣ ሽፋኖቹ በሚታዩበት በአራቱ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይዘጋል። ጀርባውም አንድ ጊዜ ይቀባ፤ ፊቱ ብቻ ተቀብቶ ጀርባው ባዶ ከቀረ ጀርባው እርጥበት ይስብና ሰሌዳው ወደ ፊት ይጎብጣል።

የጥቁር ሰሌዳ ቀለሙ ሁለት ስስ ቅብ ነው፤ አንዱ በአግድም፣ ሁለተኛው በቁም፣ በመሃላቸው አራት ሰዓት። አንድ ወፍራም ቅብ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይኮረፋል፣ ጠመኔውም እንደ ሚስማር ይቦረቡረዋል። የሚሰቀለውን ሰሌዳ ከተቀባ በኋላ ሦስት ቀን ጠመኔ አይነካውም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ተሰቀለ። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 110 ሳ.ሜ ላይ፤ ከዚያ ዝቅ ካለ የባጃጅ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ይደርስበታል። ከላይ 30 ሳ.ሜ የሚወጣ የቆርቆሮ ክዳን አለው። የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 4 ሳ.ሜ ያህል ወደ ፊት አዘንብሏል፤ የክዳኑ ጠብታ ፊቱ ላይ አይወርድም፣ የጠዋት ፀሐይም አያብለጨልጨውም።

የፊደል መጠን በመለማመጃው ሰሌዳ ተሞከረ። ለላቲን ፊደል የተለመደው ልክ በየሦስት ሜትሩ 2.5 ሳ.ሜ ነው፤ ለፊደላችን ይህ አይበቃም። ለ እና ሉን፣ ሐ እና ሑን የሚለየው አንድ ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ጫፉ የዶለዶመ ጠመኔ ደግሞ መስመሩ እስከ 1 ሳ.ሜ ይሰፋል። ከ4 ሳ.ሜ በታች በተጻፈ ፊደል ቅጥያው በመስመሩ ይዋጣል። የተወሰነው፦ ዋናው ቃል 12 ሳ.ሜ፣ ማብራሪያው 5 ሳ.ሜ፣ ጠመኔው በየሁለት መስመሩ ይሞረድ። ቀይ ጠመኔ በጥቁር ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይታይም፣ ተጣለ። ነጭ ለጽሑፉ፣ ቢጫ ለእርማት ብቻ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደብተሩ። አምስት ዓምድ፦ ቃሉ፣ አነባበቡ፣ ትርጉሙ፣ መንገዱ፣ ማረጋገጫው። አራተኛው ዓምድ ካልሞላ ቃሉ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

አንድ የቃል ታሪክ ሦስት ጥያቄ ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ ዘመኑ፦ ቃሉ ከመጣበት ከተባለው ነገር በፊት ይነገር ነበር? ከነበረ ታሪኩ ወደቀ። ሁለተኛ፣ ድምፁ፦ የተለወጠው ድምፅ በሌሎች ቃላትም እንዲሁ ተለውጦ ይታያል ወይስ ለዚህ ቃል ብቻ የተፈቀደ ነው? ሦስተኛ፣ መንገዱ፦ ማን ተሸክሞ አመጣው? ነጋዴ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ መካኒክ፣ ወታደር። ተሸካሚ የሌለው ቃል አይጓዝም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። በጣም የሚጣፍጠው የቃል ታሪክ ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው፤ ሰው ቃሉን ለሁለት ሰብሮ እያንዳንዱን ስባሪ ትርጉም ይሰጠዋል፣ ከዚያ አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ፈረንጅ ያስገባበታል። እውነተኛው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ስም ነው፣ ብዙም ጨዋታ የለውም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ሰሌዳው ተሟሸ። ጠመኔውን በጎኑ አስተኝቶ ፊቱን በሙሉ ነጭ ማድረግ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ቀን ቃል ጥላ ሆኖ ለዓመት ይቀራል።

ሌላው የዛሬ ውሳኔ አጻጻፍ ነው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአማርኛ ንግግር አይለዩም፤ ስለ ቃል ምንጭ የሚያወራ ሰሌዳ ግን ሊያምታታቸው አይችልም። ደንቡ የግዕዙን ሥር መከተል ነው። ሠዐለ «ቀለም ቀባ፣ ቅርጽ አወጣ» ነው፣ ሥዕል ከእርሱ ይወጣል። ሰአለ «ለመነ» ነው፣ ስእለት ከእርሱ ይወጣል። «ሥዕለት» ብሎ የጻፈ ሰው ልመናውን ቀለም ቀባው። ከውጭ ለመጡ ቃላት ቀላሉ ፊደል ይበቃል።

መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይታይም፤ በሰሌዳው ላይ ግን በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ይደረጋል። የኦሮምኛው አቻ ከሥር በቁቤ ይጻፋል፤ ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ነጥቡ ትክክል መዋሉን አንዳንዴ እርሱው ይመሰክራል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ቃል የዕለቱ ስም ሆነ። «ማክሰኞ፦ ማግሥተ ሰኞ፣ የሰኞ ማግሥት። ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ፣ ሁለተኛ። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ሦስተኛው ቀን ብቻ ቁጥሩን ትቶ በጎረቤቱ ስም ይጠራል።»

ካርዱ፣ ማለትም በሰሌዳው ላይ የሚወጣው የዕለቱ ጽሑፍ፣ 20 ቃል ያህል ነው፤ ቅዳሜንና ዓርብን ለመጨመር ቦታ ነበር፣ ግን አንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይበል። ቅዳሜ ከቀዳሚት ሰንበት፣ ዓርብ ደግሞ ከዐረበ «ፀሐይ ገባ» ነው፤ ምዕራብ የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። እነዚህ ለየቀናቸው ተቀመጡ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሌሊት የነፋስ ዝናብ ከጎን ገባ። ጠዋት እርጥብ ፊት ላይ ተጻፈ፤ ስሕተት ነበር። በእርጥብ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ መጀመሪያ አይይዝም፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ኖራ ይለጠፋል፣ በደረቅ ጨርቅም አይለቅም። በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቃሉ (ምዕራብ) እስከ ሦስት ሰዓት አልወጣም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የገበያ ቀን። የጅማ የድሮ ገበያ ስም ሄርማታ ነው፣ ትልቁ ቀኑም ሐሙስ። «ሐሙስ፦ በግዕዝ አምስተኛ። ዐረብኛው ኸሚስ፣ ኦሮምኛው ካሚሳ። አማርኛው ከግዕዝ ወረሰ፣ ኦሮምኛው ከዐረብ ነጋዴና ከሼህ ተቀበለ፤ ሁለቱም ሄርማታ ተገናኙ።» ከገጠር የመጡ ሻጮች ከአማርኛው ይልቅ የቁቤውን መስመር ጮክ ብለው ሲያነቡ ተሰማ። የቁቤው መስመር ከነገ ጀምሮ ከ3 ወደ 5 ሳ.ሜ ያድጋል።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ይህ ካርድ ጠብ እንደሚያስነሳ የታወቀ ነበር። በከተማው የሚነገረው ጅማ የሚለው ስም ከጁምዓ፣ ከዓርብ ስግደት መጣ የሚል ነው። የኦሮምኛው ዓርብ ጅመታ መሆኑ ታሪኩን የበለጠ ያሳምረዋል፤ እርሱ በእርግጥ ከጁምዓ ነው። ከተማው ግን አይደለም። ጅማ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ አርጆ የሚባሉ ወረዳዎች ወለጋ ውስጥ አሉ፤ የእኛው ደግሞ ቀድሞ ጅማ ካካ፣ በኋላ ጅማ አባ ጅፋር ይባል ነበር። እስልምና በጅማ ቤተ መንግሥት የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የጎሳው ስም ከዚያ ቀድሞ ነበር። የዘመኑ ጥያቄ ጣለው።

የተጻፈው፦ «ጅማ፦ የጎሳ ስም። ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ አርጆ እንደሚባለው። የዓርብ ስም ጅመታ ከዐረብኛው ጁምዓ ነው፤ ድምፃቸው ተመሳሰለ እንጂ ዘር የላቸውም።»

እንዲህ ያለውን ካርድ ሲጽፉ የሚወደደውን ታሪክ በስሙ ጠርቶ ማፍረስ ይሻላል። ትክክለኛውን ብቻ ጽፎ ዝም ማለት አንባቢው ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ጠረጴዛ፣ ባንኮኒ፣ ባንክ። ሦስቱም ሻይ ቤቱ ውስጥ አሉ፤ ሦስተኛው በሂሳብ ደብተሩ ላይ። ጠረጴዛ የግሪኩ ትራፔዛ ነው። ጣሊያንኛው ባንኮ ረጅም መቀመጫና የገንዘብ መንዛሪ ጠረጴዛ ነበር፣ ባንክ የወጣው ከዚያ ነው፤ ባንኮኒ ደግሞ «ትልቁ ባንኮ» ነው። ጨዋታው ያለው ግሪክ አገር ዛሬ ትራፔዛ ማለት ባንክ መሆኑ ላይ ነው። ሁለት ሕዝብ ገንዘብ ቤቱን ለየብቻው በጠረጴዛ ስም ጠራው፣ አማርኛ ሁለቱንም ወስዶ አንዱን ለዕቃው አንዱን ለተቋሙ አደላደለ። ካርዱ 34 ቃል፤ እስካሁን ከወጡት ምርጡ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የጋራዥ ሳምንት። ጅማ በወረራው ዘመን (1928–1933) ከጣሊያን ግዛቶች የአንዱ መቀመጫ ስለነበረች ቃሉን ሁሉ ለእነዚያ አምስት ዓመታት መስጠት ይቀናል። ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛት ያደረገው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ በሾፌርና በመካኒክ አፍ የሚመጣ ቃል ከአስመራም ይመጣል፣ ከወረራው በኋላም መምጣቱ አልቆመም። ስለዚህ ካርዶቹ «ከጣሊያንኛ» ይላሉ እንጂ «በወረራው ጊዜ» አይሉም።

ለዛሬ ፍሬቻ፦ በጣሊያንኛ ቀስት። የድሮ መኪና የመታጠፊያ ምልክት ከጎን ብቅ የሚል ክንድ ነበር፤ መብራት ሲሆንም ስሙ አልተለወጠም። ለተከታዮቹ ቀናት ፍሬን (ፍሬኖ፣ ልጓም)፣ ፍሪሲዮን (መፋተግ)፣ ቺንጊያ (ቀበቶ)፣ ላቫጆ (እጥበት)፣ ጎሚስታ (ባለ ጎማ) ተደርድረዋል። ፍሬን ልጓም መሆኑ ባጃጅ ነጂዎችን አስደስቷል። ፍሪሲዮን ሲጻፍ ሰው «ፍርሲዮን»፣ «ፍሪስዮን» እያለ ያርማል፤ ሦስቱም ይነገራሉ፣ ሰሌዳው አንዱን ይዞ ይዘልቃል።

ጎማ ላይ ግን ለጅማ ብቻ የሚሠራ ወጥመድ አለ። አጋሮ ያለበት ጎማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረ የአገር ስም ነው። የመኪናው ጎማ ጣሊያንኛ፣ «ላስቲክ»። አጻጻፋቸው አንድ ነው። በነፋስ የሚሞላ ጎማ በዳንሎፕ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ የጎማ መንግሥት ያኔ የብዙ ዘመን ታሪክ ነበረው። በዘመን ጥያቄ ለመጫወት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ማጥበቅ። ሰፊ ሲጠብቅ «ጠባብ ያልሆነ»፣ ሲላላ «ልብስ የሚሰፋ»። ገና ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም»። ዋና ሲጠብቅ «አለቃ፣ ቁልፍ»፣ ሲላላ «መዋኘት»። ካርዱ ላይ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰፊ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ»፣ ሁለቱ ነጥቦች በመጀመሪያው ፊ ራስ ላይ። ሕፃናት ነጥቦቹን እያጠፉ ወደ ሁለተኛው ያዛውራሉ። ይሁን።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

የቡና ዕቃ። ሲኒ ዐረብኛው ሲኒይ ነው፣ «የቻይና»፤ ሸክላው የመጣው ከዚያ ስለሆነ። ፍንጃል ዐረብኛው ፊንጃን ነው፣ መጨረሻው ን ወደ ል ዞሯል፤ ኦሮምኛውም ፊንጃላ ይላል፣ በዚያም ል ነው። ማኪያቶ ጣሊያንኛ፣ «ነጠብጣብ ያረፈበት»፤ ቡናው በወተት ስለሚቆሽሽ ነው። ወተቱ ሲበዛ ታዲያ የቆሸሸው የትኛው ነው የሚል ክርክር ሻይ ቤቱ ውስጥ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ።

ከንግዱ ወገን ጀንፈልና እሸት አብረው ወጡ፦ እሸት ከዛፉ እንደወረደ ያለ ቀይ ፍሬ፣ ጀንፈል ከነልጣጩ የደረቀ። ይህን ጅማ ላይ መጻፍ ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ የተጻፈው ለዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪዎች ነው። ቡና የሚለው ቃል ራሱ ግን አልወጣም፤ 35 ቃል አይበቃውም፣ አጥሩም አይችለውም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ስሕተት። ካርዱ «ዘይቱን፦ ከዐረብኛ ዘይቱን፣ ያው ፍሬ» ይል ነበር። ያው ፍሬ አይደለም። በዐረብኛ ዘይቱን የወይራ ዘር፣ ዘይት የሚጨመቅበት ነው፤ እኛ ዘይቱን የምንለው ሻካራ ፍሬው፣ የጅማ ጓሮ ሁሉ ያለው፣ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሌላ ዛፍ ነው። ስሙ ተጓዘ፣ ዕቃው ተለወጠ። ቁርአን የቀሩ አንባቢ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ «ልጆች፣ ዘይቱንን በሱረቱ ቲን ታገኙታላችሁ፣ ይህን ግን አታገኙትም» ብለው አረሙ።

ከዚህ የወጣው ደንብ፦ ስሕተት አይጠፋም። በቢጫ ጠመኔ አንድ መስመር ይሰመርበትና እርማቱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ሁለቱም እስከ ማታ ይቆያሉ። ያነበበው ሰው ሲመለስ እርማቱን ማየት አለበት፤ በንጹሕ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ትክክል የትናንቱን ውሸት ከሰው ጭንቅላት አያወጣም። በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ላይም «ትርጉሙ በምንጩ ቋንቋ» የሚል ንዑስ ዓምድ ተጨመረ።

ብርቱካን ለቅዳሜ ተላለፈ። ዐረብኛው ቡርቱቃል ከፖርቱጋል አገር ስም ነው፤ ጣፋጩን ብርቱካን በሜድትራንያን ያስፋፉት ፖርቱጋሎች ስለነበሩ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ። ጉዲፈቻ፦ ሥሩ ጉዲሱ፣ «ማሳደግ»፤ በ1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) የሕግ ቃል ሆኖ ተቀምጧል። ጨፌ፦ ለምለም ረግረጋማ መስክ፤ ጉባኤ የሚቀመጥበት ሜዳም ስለሆነ የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ ይባላል። እነዚህን ሲጽፉ ከቁቤው መጀመርና አማርኛውን ከሥር ማስቀመጥ ይገባል፤ ባለቤቱ ከላይ ይሁን።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

አባ ጅፋር። «የፈረስ ስም፦ ጅፋር ፈረሱ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ እንደሚባሉት።» የተለመደው ስሕተት ሁለቱን አባ ጅፋር አንድ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855፣ ሁለተኛው፣ በጅሬን ቤተ መንግሥቱ የሚታወቀው፣ ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። በመሃል አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል አሉ። ካርዱ ላይ ሁልጊዜ «ቀዳማዊ» ወይም «ዳግማዊ» ይጻፍ።

ዓመተ ምሕረት ለካርዱ መጣስ የሌለበት ነገር ነው። ሁልጊዜ 8 መቀነስ ትክክል አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ፣ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ሳይቀበሉ፣ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ዓድዋ ማርች 1896 ነው፣ 8 ሲቀነስ የካቲት 1888። የተፈሪ ዘውድ ኖቬምበር 1930 ነው፣ 7 ሲቀነስ ጥቅምት 1923፤ እዚህ 8 የቀነሰ ሰው ንጉሡን በአንድ ዓመት ያስቀድማቸዋል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ይጻፍ፦ ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት በ1870/71።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

የንግድ ስሞች። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፣ ከዚያም በፊት የመሥራቹ የቤተሰብ ስም። ሌላ ፋብሪካ የሠራውንም ባጃጅ እንላለን። ሃይላንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ከዚያም አልፎ መለኪያ ሆኖ «አንድ ሃይላንድ ማር» ይባላል። ሁለቱን በአንድ ካርድ መጨመር አንድ-ካርድ-አንድ-ነገር የሚለውን ደንብ ይጥሳል። ተጥሷል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

የወሩ ጥገና። ሰሌዳው ወርዶ በእርጥብ ጨርቅ ታጠበ፣ ሌሊቱን ጥላ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። የግራው የታች ጥግ ኮምፔንሳቶው መላጥ ጀምሯል፤ ምክንያቱ ብሎኑ ከተመታ በኋላ ቀዳዳው በቀለም አለመዘጋቱ ነው። ኮላ ገብቶበት በማያያዣ ለ24 ሰዓት ተጨመቀ፣ ነገ ይቀባል። ከዛጉት አራት ብሎኖች ሁለቱ ተለወጡ። የጠመኔ ፍጆታ በቀን አንድ ተኩል፣ የተገመተው አንድ ነበር፤ ግማሹን የሚወስደው መሞረዱ ነው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ወሩን የሚዘጋው «ሰኔና ሰኞ» ሆነ። ሰኔ ሰኞ ከባተ ዓመቱ ይከፋል ይባላል፤ ሰውም መከራ ሲደራረብበት «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» ይላል። ዘንድሮ ሰኔ የባተው እሑድ ነው፣ ለጥቂት ስቶናል። ግን መቼ ይገጥማል? ስሌቱ ሰሌዳ ላይ ይሠራል።

የ2018 መስከረም 1 ቀን፦ 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም። ለ4 ሲካፈል 1879፣ ይህ መጠነ ራብዒት ነው፤ ቀሪው 2 ስለሆነ ዓመቱ የማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ እንዲያ እያለ 0 ሰኞ ነው። እንግዲህ እንቁጣጣሽ ሐሙስ። ከዚያ ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ሁለት ቀን ይገፋል፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ 9 ወር፣ 18 ቀን፣ ሁለት ሳምንት ሲወጣለት 4 ይቀራል። ከሐሙስ አራት ወደ ፊት፦ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ።

የሚሳሳተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መጠነ ራብዒቱን ሲወስድ ነው፤ 7518ን ለ4 ሲያካፍል የሚወጣውን 1879.5 ወደ 1880 ያስጠጋዋል። አይጠጋም፣ ሽርፍራፊው ይጣላል። ከተጠጋ እንቁጣጣሽ ዓርብ፣ ሰኔም ማክሰኞ ይሆናል።

ስሌቱ ከሰሌዳው ተገልብጦ በካርቶን ካርድ ላይ ተጻፈ፤ ካርዱ «ሰኔ 1 ቀን 2018፣ ሰኞ» ተብሎበት በሳጥኑ መጨረሻ ላይ ገብቷል።